የእማዬ ጉልበት

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። ለእትዬ ልቅሶ አልደረስኩም። ለአርባዋም፣ ለተዝካሯም አልመጣሁም። ምክንያት አልደረድርም፣ ይቅር በይኝ። እናትሽን አብሬሽ ሳልቀብር ስለ እናቴ ልለምንሽ መምጣቴ ደግሞ ያሳፍረኛል።

የእማዬ ጉልበት እምቢ አለ። ከቁስቋም ዳገት ቁልቁል እያባረረች ትገርፈን የነበረችው እማዬ! (ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትያዢው አንቺ ነበርሽ፣ እግርሽ ሰነፍ ነው።) አሁን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄድ ቅዳሴውን ቆማ መጨረስ አቃታት። ባለፈው ጥምቀት ታቦቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ እልልታውን ከሩቅ ሰማች። ዞር ብላ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት።

ሰፈሩ ቁርጥማት ይለዋል። ሐኪሙ ግን አርትራይተስ ነው፣ በመገጣጠሚያው መሃል ያለው ልስልስ አጥንት ሳስቷል አላት። ክኒኑ ያስታግሳታል፣ ግን ጨጓራዋን አቃጠላት፣ ግፊቷንም ከፍ አደረገው። ዋገምት ላስደርግ ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኳት።

ያሰብኩት የቻይናውን መርፌ ነው፣ አኩፓንክቸር የሚሉትን። መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ጉልበቷ ዙሪያ ተሰክቶ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይቆያል። ስለሱ ያላነበብኩት የለም። በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ውስጥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 570 ሰዎች ላይ ተጠንቶ ነበር። መርፌውን በትክክል የተወጉት፣ ለይስሙላ ከተወጉት ይልቅ ሕመሙ ቀሎላቸዋል። እንግሊዞች ደግሞ በ2022 ለዚህ በሽታ አትስጡት ብለው ሐኪሞቻቸውን መከሩ። እንግዲህ እነሱም አልተስማሙም። የሳሳውን አጥንት እንደማይመልስ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ሥቃዩ እንዲቀንስላት ብቻ ነው።

እዚያ አዲስ አበባ፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቻይናውያን ሐኪሞች አሉ አይደል? ሄደሽ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የሚወጋው ሰው በደንብ የተማረ መሆኑን፣ መርፌው ለእያንዳንዱ ሰው ከእሽጉ የሚወጣ አዲስ መሆኑን ጠይቂ። የግፊት መድኃኒት እንደምትወስድም ንገሪልኝ።

አሁን የከበደኝን ልናገር። በዚያ በአሜሪካኖቹ ጥናት ለይስሙላ ከተወጉት ይልቅ ሕመሙ የቀለላቸው በ14ኛው ሳምንት ነው። ሦስት ወር አለፈ ማለት ነው። እና... አንቺ ጋ ብታርፍ ብዬ ነው። ቤቱ ከጠበበሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ሽሮዋንና በርበሬዋን ይዛ ትመጣለች።

አዲስ አበባ ትሄጃለሽ ስላት ስለ መርፌው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «መጀመሪያ እትዬ የተቀበረችበት ውሰዱኝ» ነው ያለችኝ። እኔም አብሬያት እመጣለሁ፣ ከፈቀድሽልኝ።

ያንቺው፣
ከጎንደር