ጣናን በሞተር ሳይክል ለሚሻገር መንገደኛ የመርከቡ ቀን ይታወቅለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጎርጎራና ስለ ጣና ቱሪዝም በጋዜጣችሁ የሚወጣውን ሁሉ አነባለሁ። ገዳማቱ በተደጋጋሚ ተነሥተዋል፤ በ«ገበታ ለሀገር» ስለ ተሠራው የጎርጎራ ሪዞርትም ብዙ ተብሏል። ሲነሣ ያላየሁት ሞተር ሳይክል ይዞ ሐይቁን የመሻገር ጉዳይ ነው። እኔ የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

የምኖረው አዘዞ ሲሆን ሙያዬ የእንስሳት ጤና ነው። የደንቢያን ቀበሌዎች ያወቅኋቸው የክትባት ሳጥን ከኋላዬ አስሬ በያማሃ ኤጂ 100 እየተመላለስኩ ነው። ዕድሜውን በሥራ ሞተር ላይ የጨረሰ ሰው ቀጠሮና ሪፖርት የማይጠብቀው ረጅም መንገድ ቢሄድ ይመኛል። እኔና ጥቂት ጓደኞቼም ይህንኑ እያቀድን ነው። በቆላ ድባና በጯሂት አድርገን ጎርጎራ እንወርዳለን፤ ሞተሮቻችንን መርከብ ላይ ጭነን ባሕር ዳር እንሻገራለን፤ ስንመለስ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል በዋናው መንገድ ጎንደር እንገባለን። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመመለሻው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየብስ ያለው ሁሉ በእጃችን ነው። ዕቅዱ የተያዘብን ውኃው ላይ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ የጎንደር ሰው ትልልቅ ሞተር ይዘው፣ ግራና ቀኝ የብረት ሳጥን አስረው፣ አቧራ ለብሰው ፒያሳ የሚገቡትን ፈረንጆች ያስታውሳል። ብዙዎቹ ከካይሮ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ የሚወርዱ ነበሩ። ሱዳንን አቋርጠው በመተማ ይገቡና በገንዳ ውኃ፣ በአይከል አድርገው አዘዞ ላይ ይወጣሉ። ጎማ ሊያስጠግኑ ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ሲቆሙ አነጋግሬያቸዋለሁ። ወሬያቸው ሁሉ ከግብፅ አስዋን ተነሥቶ በናስር ሐይቅ ላይ ወደ ሱዳኗ ዋዲ ሐልፋ ስለሚሄደው መርከብ ነበር። የሚሄደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሰው በተሳፋሪው መርከብ ይሻገራል፤ መኪና ለብቻው በጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ተጭኖ ከቀናት በኋላ ይደርሳል፤ ሞተር ሳይክል ግን ሲቀናው ከሰው ጋር ይጫናል። መርከቡን ያማርሩት ነበር፤ ሙቀቱን፣ ግፊያውን፣ ወረቀቱን። ቢሆንም የጉዟቸውን ዕቅድ በሙሉ የሠሩት የእርሱን ቀን ይዘው ነው። ቪዛውን መቼ እንደሚያወጡ፣ ካይሮን መቼ እንደሚለቁ፣ ሁሉንም ከዚያች ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ወስነዋል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል የየብስ ኬላ ሲከፈት መርከቡን የሚፈልገው ቀነሰ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት መንገዱን አቋረጠውና ጎንደር እነዚያን እንግዶች አጣች።

መርከብ ያለበት ጉዞ የሚታቀደው ከመርከቡ ተነሥቶ መሆኑን ከእነርሱ ተምሬያለሁ። በጣና ላይ የቸገረንም ይኸው ነው። በደህናው ጊዜ መርከቧ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነሥታ ደቅን እየነካች ቁንዝላ ታድርና፣ በማግሥቱ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ትገባ ነበር። ዛሬ መነሻ ቀኑን ስንጠይቅ አንዱ የሳምንቱን ቀን ሲነግረን ሌላው «ጭነት ሲሞላ ነው» አለን። ሞተር ሳይክል ትጭናላችሁ ወይ ስንል «ኑና እናየዋለን» ተባልን። ዋጋውንም ቢሆን ቀድሞ የሚነግር አልተገኘም። ጎርጎራ ያለ ወዳጅ ዘመድ ላለው ሰው ይህ ብዙም አያስቸግረው ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወይም ከመቀሌ ሞተሩን እየነዳ ለሚመጣ እንግዳ ግን «ኑና እናየዋለን» መልስ አይሆንም።

በጓደኞቼ መካከል ያከራከረን አንድ ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንጀምር የሚለው ነበር። ገሚሱ መጀመሪያ በአስፋልቱ ባሕር ዳር ወርደን በውኃው እንመለስ አለ። እኔ ከጎርጎራ እንሳፈር ባይ ነኝ። መርከቧ ብትቀር ቤታችን ቅርብ ነው፤ የሱስንዮስን ዘመን የሚያስታውሰውን ፍርስራሽና ደብረ ሲና ማርያምን አይተን፣ ዓሣ በልተን፣ ሌላ ቀን እንጠብቃለን። ነዳጁም በዚህ በኩል ይቀላል። ባሕር ዳር ማደያ ስላለ ሞተሩን መርከብ ላይ የምናወጣው ቤንዚኑ ከግማሽ ሳያልፍ ነው። ሙሉ ታንክ በፀሐይ ሲሞቅና በሞገድ ሲወዛወዝ በክዳኑ በኩል ያንጠባጥባል፤ ሰው በታጨቀበት መርከብ ላይ ደግሞ ሻይ የሚያፈላም ሲጋራ የሚለኩስም አይጠፋም። የቤንዚኑ መዝጊያ ከመጫኑ በፊት መዘጋት አለበት።

አስተሳሰሩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ በየጀልባው የማየው ያሳዝነኛልና። ሞተሩን በጎን መቆሚያው ያቆሙትና ከጤፍ ማዳበሪያ ጋር አስደግፈው አንድ የናይለን ገመድ በመሪው ጫፍ ይጠመጥሙበታል። በሬ በቀንዱ ብቻ ታስሮ መኪና ላይ እንደማይጫን ሁሉ ሞተርም እንዲህ አይጫንም። ጀልባዋ ዘንበል ባለች ቁጥር የመቆሚያው እግር በብረቱ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ መስተዋቱ ይሰበራል፤ ፍሪሲዮኑ ይጣመማል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከመቶ ኪሎ የማያንስ ብረት አጠገቡ በተቀመጠው ሰው እግር ላይ ይወድቃል። ደንበኛው አስተሳሰር ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ ማቆም፣ ከመቆሚያው ሥር ጣውላ ማድረግ፣ ከመሪው ሥር ግራና ቀኝ በሁለት ገመድ የፊቱ ሞላ ጨመቅ እስኪል ወደ ታች መሳብ፣ ከኋላም እንዲሁ ማሰር ነው። ገመዱ መቀመጫውን እንዳይበላው ጨርቅ ይደረግበታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ገመዱ የሚያዝበት ነገር ያስፈልጋል፤ ወለሉ ላይ የተበየደ የብረት ቀለበት። አንድ በያጅ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ይህ ለመዝናኛ ብቻ የሚጠየቅ እንዳይመስል እፈራለሁ። ደቅ ደሴት ላይ ከብት አለ፣ ከብቱም ይታመማል። ክትባት ይዞ የሚሻገረው ባለሙያ፣ የጤና ሠራተኛው፣ መምህሩ ሞተሩን እንደ ጆንያ ሳይሆን እንደ ተሽከርካሪ የሚያስርበት ቦታ ቢያገኝ ጥቅሙ ለሁሉም ነው። ከጅቡቲ በየብስ ተጉዛ ባሕር ዳር የገባችውን «ጣናነሽ ሁለት»ን አገር ሁሉ በጉጉት ተከታትሏል። እንዲያ ተደክሞባት የመጣች መርከብ ለሞተር ሳይክል የተለየ ጥግ ቢኖራት ምንኛ ደስ ባለኝ!

ጣና ራሱ የሚያስገድዳቸው ነገሮች አሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ ይናወጣል፤ የታንኳ ቀዛፊዎች ማለዳ የሚወጡት ለዚህ ነው፤ መርከብም ማለዳ ቢነሣ ይመረጣል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የደንቢያን ዳርቻ የወረረው እምቦጭ በሞተር ጀልባ ማሽከርከሪያ ላይ ይጠመጠማል። በክረምት ደግሞ የደንቢያ ጥቁር አፈር ከዋናው መንገድ ትንሽ ለወጣ ሞተረኛ አይመከርም። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ያኔ በእንጨት እየፋቁ መግፋት ነው። የእኛ ምርጫ ጥቅምት ወይም ኅዳር ነው፤ አፈሩ ደርቆ፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ሳለ።

ሰላሙን ሳላነሣ አላልፍም። በክልላችን ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። እኛም ብንሆን መንገዱ ደህና መሆኑን በየከተማው ካሉ ሰዎች ሳናረጋግጥ አንወጣም፤ ሊብሬውን፣ መንጃ ፈቃዱንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ይዘን፣ በየኬላው ቆመን ማንነታችንን አስረድተን ነው የምንሄደው። ጉዞው በዚህ ዓመት ባይሳካ ለሚቀጥለው እናሳድረዋለን። ነገር ግን ሰላም ሲወርድ የሚያስፈልገውን ነገር ሰላም እስኪወርድ ጠብቆ መጀመር ተገቢ አይመስለኝም። ቀለበቱ አሁን ሊበየድ ይችላል፤ ታሪፉም አሁን ሊጻፍ ይችላል።

ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምጠይቀው ይህን ነው። መርከቧ ከጎርጎራና ከባሕር ዳር የምትነሣበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ በሁለቱም ወደብ ይለጠፍ፤ ቀኑ ሲቀየርም የሚነግር አንድ የስልክ ቁጥር ይኑር። የሞተር ሳይክል ማጓጓዣ ዋጋ ከሰው ቲኬት ጎን ይጻፍ። ሞተር በስንት ሰዓት ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያወጣውና ማን እንደሚያስረው ይወሰን፤ ሞተረኛው ራሱ ይሰር ከተባለም ይፈቀድለት። የአደጋ ጊዜ ጃኬት ለሁሉም ተሳፋሪ ይዳረስ። ሞተረኞችም የራስ ቁራቸውንና ከባዱን ጫማቸውን አውልቀው ይሳፈሩ፤ ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ሁለቱም ሸክም ናቸውና።

ዝግጅት ክፍሉም ሁለቱን ወደቦች ጠይቆ የሚያገኘውን መልስ በጋዜጣው ቢያወጣልን ለእኔና ለጓደኞቼ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ መንገድ ማለፍ ለሚያስብ ለማንኛውም ሰው ትልቅ ውለታ ይሆናል። ቀኑ እንደታወቀ ቆላ ድባ ላይ ነዳጅ ቀድተን እንነሣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንስሳት ጤና ባለሙያ
አዘዞ፣ ጎንደር