ዪን ዮጋ በብርድ አገር፦ ከሰሉ ይውጣ፣ ዝተቱ ይነጠፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ብርዱ ሲገባ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ዘግቶ ዪን ዮጋ የሚሠራ ሰው አጠገቡ የከሰል ማንደጃ ማስቀመጥ ይቀናዋል። ይህ አደገኛ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት፣ መፍዘዝና ድካም ያመጣል። ዪን ዮጋ ደግሞ ዐይን ጨፍኖ፣ ሰውነትን ለቆ፣ አንድ አቀማመጥ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት ነው። ስለዚህ ሠሪው የጋዙን መፍዘዝ ዕረፍት መስሎት እዚያው ሊቀር ይችላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም። ማንደጃው ከቤት ይውጣ።

ሙቀቱ ከልብስ ይምጣ። ዪን ዮጋ መልክ የያዘው ሞቅ ባለችው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ነው፤ እነ ፖል ግሪሊን የመሳሰሉ የዘዴው አስተማሪዎች ጡንቻ ሳይሞቅ መጀመርን የሚመክሩት ጫናው ከጡንቻው ይልቅ መገጣጠሚያን ወደያዙት ጅማቶች እንዲደርስ ብለው ነው። እንደ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን በብርድ የሚንቀጠቀጥ ጡንቻ ይኮማተራል እንጂ አይላላም። አስቀድሞ 5 ደቂቃ ቤት ውስጥ መንጎራደድ፣ ካልሲ ማድረግ፣ ጋቢ መደረብ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ የመንዝ ዝተት ይነጠፍ።

ዝተት ለመቀመጫም ይሆናል። ለቢራቢሮ አቀማመጥ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ እስኪል አጥፎ ጠርዙ ላይ መቀመጥ፣ የእግርን መዳፎች አጋጥሞ ከሰውነት ሁለት ስንዝር ማራቅ፣ ከዚያ ከዳሌ ጀምሮ ወደ ፊት ጎንበስ ማለትና ግንባርን ትራስ ላይ ማሳረፍ ነው። ከፍ ሳይል የተቀመጠ ሰው ዳሌው ወደ ኋላ ይዞርና ጫናው ሁሉ ወገቡ ላይ ያርፋል። «ዮጋ ወገቤን አሳመመኝ» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ መቀመጫቸውን ይዩ። ጉልበት ካሳመመ ከሥሩ ትራስ ይግባ። ጀማሪ 3 ደቂቃ ይበቃዋል።

የሚሰማው መሳብ እንጂ ሕመም መሆን የለበትም። መደንዘዝ ወይም እንደ መርፌ የሚወጋ ስሜት ነርቭ መጫኑን ስለሚያሳይ ሰዓቱ እስኪሞላ መጠበቅ የለም። መወዝወዝና «ትንሽ ልግፋበት» ማለትም ይቅር፤ ሥራውን የሚሠራው ጊዜው ነው።

ገብስ አጨዳ ላይ አጎንብሶ ለዋለ ሰው ግን ማታ ቢራቢሮን አንመክርም፤ ወገቡ ቀኑን ሙሉ ታጥፎ ውሏል። ለእሱ ስፊንክስ የሚባለው ይሻላል፦ በሆድ ተኝቶ፣ ክርንን ከትከሻ ሥር አድርጎ፣ ደረትን ቀና አድርጎ 2 ደቂቃ መቆየት። ወገቡን ቆንጠጥ ካደረገው ክርኑን ወደ ፊት ያርቅ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም። የወገብ ዲስክ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሁለቱንም አይጀምር።

ከአቀማመጡ ሲወጡ በእጅ ተደግፎ ቀስ ማለት፣ ከዚያ 1 ደቂቃ በጀርባ መተኛት ያስፈልጋል። ማሳረጊያው እግርን ግድግዳ ላይ አድርጎ፣ ጋቢ ለብሶ 5 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ግላኮማ (የዐይን ግፊት ሕመም) ያለበት ይተወው።

የጤና ዓምዳችሁ ጥቅምት ሳይገባ ስለ ከሰሉ ነገር ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የሰውነት እንቅስቃሴ አሠልጣኞች፣ ከደብረ ብርሃን