ልጅሽ ፕሪካልኩለስን አትዝለል

ውዷ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ባለፈው ጁምዓ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ተጠፋፍተን ቆይተን፣ መልእክትሽን ሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ልጅሽ አልጀብራ 2ን በጥሩ ውጤት ስለጨረሰች፣ ለካልኩለስ የሚያዘጋጀውን ፕሪካልኩለስን ዘላ፣ እናንተ ጋ አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠው ኤፒ ካልኩለስ መግባት አምሯታል አልሽኝ። እኔ አትዝለል ባይ ነኝ።

እዚህ ደሴ ወደው ሳይሆን ተገደው የዘለሉ ልጆች ነው የማስተምረው። የአሁኖቹ 12ኛ ክፍሎች በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ 6ኛ ክፍል ነበሩ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ደግሞ 8ኛ። ጎበዞች ናቸው፣ ወላሂ። ግን ካልኩለስ ላይ ስንደርስ የሚጥላቸው ካልኩለሱ አይደለም።

ሰሞኑን አንዷን ሰሌዳ ላይ አወጣኋት። ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9 ከላይ፣ ኤክስ ሲቀነስ 3 ከታች። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ፣ ማለትም ውጤቱ የሚጠጋው ቁጥር፣ ስንት ነው? 3ን ተካችና ዜሮ ለዜሮ መጣባት። ጠመኔውን እንደያዘች ቀረች። ሊሚት ምን እንደሆነ ጠይቂያት፣ አንድም ሳታስቀር ትነግርሻለች። ያቃታት የላይኛውን ፋክተር ማድረግ ነው። ኤክስ ሲቀነስ 3 እና ኤክስ ሲደመር 3 ብላ ብትከፍለው ከታችኛው ጋር ይጣፋል፣ መልሱም 6 ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ ኤክስ ሲደመር 3 ለኤክስ ሲካፈል ካየ፣ የማይሰረዙትን ሁለቱን ኤክሶች ሰርዞ «3» ይለኛል። አንጀቴን ነው የሚበላኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለማ።

ፕሪካልኩለስ ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ኮርስ ነው። እኛ ጋ ራሱን ችሎ አይሰጥም። ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ 10ኛ፣ ራሽናል ፋንክሽን (እንደ ሰሌዳው ጥያቄ ያለ ክፍልፋይ) 11ኛ ክፍል ላይ ነው የሚመጡት፤ ካልኩለስ 12ኛ ላይ ይጠብቃል። እናንተ ጋ ግን በፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ ኤፒ ፕሪካልኩለስም አለ። ትምህርት ቤቷ ከሰጠው እሱን ትውሰድ።

ትሪጎኖሜትሪውን በተለይ አደራ። የሳይን ዴሪቫቲቭ (በየነጥቡ የሚለወጥበት ፍጥነት) ኮሳይን የሚሆነው አንግሉ በራዲያን፣ ማለትም የቅስቱ ርዝመት ለሬዲየሱ ተካፍሎ፣ ሲለካ ብቻ ነው። ራዲያን ያልገባው ልጅ ያን በቃሉ ይሸመድዳል እንጂ አይገባውም።

ግራፍ ማንበብም እንዲሁ። ጥምዝምዙን የሐረጎ መንገድ አስታወስሽው? ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ነው የምንዘቀዝቀው። የቁልቁለቱን አማካይ፣ የወረድነውን ከፍታ ለአግድም ርቀቱ በማካፈል ታገኚዋለሽ። መኪናው ጥምዝምዙ ላይ ሳለ፣ ልክ በዚያች ነጥብ ቁልቁለቱ ስንት ነው ስትይ ካልኩለስ ጀመርሽ ማለት ነው። መንገዱን በግራፍ ማየት የማትችል ልጅ ግን ጥያቄው ራሱ አይገባትም።

አብሽሪ፣ አንድ ዓመት ብትቆይ ኋላ አትቀርም። የአልጀብራ 2 የመጨረሻ ፈተናዋን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ውጤቱን ሳይሆን የሠራችበትን ወረቀት ነው የምፈልገው፤ የት የት እንደምትሳሳት እሱ ይነግረኛል። እሁድ እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ራሷ ብትደውልልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ናፋቂሽ፣
ከደሴ