ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ እናቁም፦ ለልጆቻችን የሜዳ ትምህርት የድጋፍ ጥሪ

በአዲስ አበባ ዳር፣ በየካ አባዶና በለገጣፎ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ልጆቻችንን ቤት ውስጥ እናስተምራለን። ፊደሉንም፣ ሒሳቡንም፣ እንግሊዝኛውንም ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንጨርስና ወደ ሜዳ፣ ወደ ጫካ፣ ወደ ማሳ ይዘናቸው እንወጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መደበኛ ትምህርት ቤት የሚማሩ የጎረቤት ልጆች ይቀላቀሉናል። ክፍያ የለም። እስካሁን ወጪውን ከኪሳችን ሸፍነናል። አሁን ግን ልጆቹ በዙ፣ ክረምቱም ደረሰ። ብቻችንን አንችለውም።

የምንፈልገውን ከመጀመሪያው ልናገር። ልጆች ከዝናብ የሚጠለሉበትና በእጃቸው የሚሠሩበት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ፣ የጎማ ቦት ጫማ፣ የእጅ መሣሪያዎች፣ የመኪና ኪራይ፣ እና ልጆቻችንን ለሚያስተምሩ አዛውንቶች የሚሰጥ የድካም ዋጋ ነው። ሌላ የለም።

ለምን እንደሆነ ግን ታገሡኝና ላስረዳ።

ሰፈራችን ከከተማው ዳር ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ተራራው ይታያል። በጫካው ውስጥ ሌሊት ጅብ ያልፋል። ትንሽ ወጣ ሲሉ የጤፍና የስንዴ ማሳ አለ። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ፣ አብዛኞቹ ልጆች የሚያዩት ከሰርቪስ መኪና መስኮት ነው። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ደክመው ይመለሳሉ፣ የቤት ሥራ ሠርተው ይተኛሉ። እንጀራ በቀን ሁለት ጊዜ የሚበላ ልጅ ጤፍ በቁሙ ምን እንደሚመስል አያውቅም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የሚያሳየው ሰው አላገኘም። መምህራኑንም አንወቅስም፤ እነሱም ልጆቹን ይዘው ለመውጣት ጊዜውም መኪናውም የላቸውም።

ሜዳ ላይ ምን ይማራሉ ለምትሉን፣ የጥላውን ነገር ላውራችሁ። 1 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ እንተክላለን። ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርጉበታል፣ በሜትር ይለኩታል፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በየሳምንቱ እያጠረ ይመጣል። ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል። ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ከዚያ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል። ሰኔ አጋማሽ ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርስና ተመልሶ ያጥራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደመናው ከፈቀደ እንደገና ሲጠፋ ይታያል። ምክንያቱ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ መሆኗ ነው። አውሮፓ ያለ ልጅ አገሩ ላይ ሆኖ ይህን አያይም። የእኛ ልጆች ግን በዱላና በጠጠር ያዩታል። አባቶቻችን የጾም መፍቻውን ሰዓት የገዛ ጥላቸውን በጫማ ለክተው ያውቁ እንደነበር ስንነግራቸው፣ ሁሉም ተነሥተው የራሳቸውን ጥላ መለካት ጀመሩ።

ማንቆርቆሪያውም አለ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ከሰል ላይ ጥደን ቴርሞሜትር ስንከትበት 92 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። ልጆቹ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አሉ። ሌላ ተዋስን፣ ያንኑ አሳየ። ጥያቄው የመጣው ያን ጊዜ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው። እኛ ያለነው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በዚያው ባቄላው ለመብሰል ለምን ይህን ያህል እሳት እንደሚፈጅ ገባቸው። አንዷ ልጅ ቤቷ ሄዳ ለእናቷ የፕሬዠር ድስቱን ጥቅም አስረድታለች።

እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው የእንዶዱን ትምህርት ነው። እንዶድ አጥር ሥር ይበቅላል፤ ማንም ልብ አይለውም። ልጆቹ ፍሬውን ለቅመው ይወቅጡታል። በውሃ ሲመቱት አረፋው ይነሣል። የቆሸሸ ካልሲያቸውን ያጥቡበታል፤ ይለቅላቸዋል። ወደ አፍ እንደማይገባ፣ ከጨረሱ በኋላ እጅ በደንብ እንደሚታጠብ አስቀድመን እንነግራቸዋለን። ከዚያ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ እናጫውታቸዋለን። በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ዓይነት ነበሩ። ከሌላው ቦታ ያሉት ደህና ናቸው፣ እዚህ ያሉት ለምን ሞቱ ብለው ጠየቁ። እንዶዱን መመርመር የያዙት ከዚያ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። ይህን የሰማ ልጅ አጥር ሥር ያለ ቅጠል ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

ሌላም ብዙ አለ። የጅብ ዱካ በጭቃ ላይ ይለካሉ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ባለ ትልቅ መንቆሩን ቁራ ይሥላሉ፤ በየቀኑ ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚያዩት ይህ ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ ሌላ አገር የለውም። ጽዱን ከባሕር ዛፉ፣ ወይራውን ከግራዋው ይለያሉ።

አሁን ስለ አስተማሪዎቻችን ልናገር። ይህ ለእኔ የጥሪው ዋና ነገር ነው።

ሁላችንም አባባ የምንላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። ከማሳቸው ጥግ ቁራሽ መሬት ለልጆቹ ሰጥተዋል። ሐምሌ ላይ ጤፍ አብረዋቸው ይዘራሉ፣ አረሙን ያሳዩአቸዋል፣ ሲደርስም አብረው ያጭዳሉ። 1 ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ እንደሚይዝ ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አባባ ግን እፍኝ ዘር ምን ያህል መሬት እንደሚሸፍን በዓይናቸው ያውቃሉ። አፋን ኦሮሞም ከእሳቸው ነው የሚማሩት፤ ቃሉን ከሥራው ጋር ስለሚሰሙት አይረሱትም። አንዲት እማማ ደግሞ የመሶብ ስፌት ያስተምሩናል። አክርማውን፣ ስንደዶውን፣ አለላውን ይዘው ቁጭ ይላሉ። የስፌቱ ጌጥ ዙሪያውን እኩል እንዲመጣ መቁጠርና ማካፈል የግድ ነው። ማካፈል አልገባው ያለ አንድ ልጅ እሳቸው ዘንድ ነው የገባው።

ሁለቱም ገንዘብ ጠይቀውን አያውቁም። ስንሰጣቸውም ያፍራሉ። ነገር ግን የግማሽ ቀን ሥራቸውን ትተው ነው የሚመጡት። የእንግሊዝኛ አስጠኚ በሰዓት የምንከፍል ወላጆች፣ የእርሻ አስተማሪን በምርቃት ብቻ መሸኘት የለብንም። ልጆቹም ያያሉ። ለማን እንደሚከፈልና ለማን እንደማይከፈል አይተው፣ የትኛው እውቀት እንደሚከበር ይማራሉ። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመጀመሪያው ድርሻ የእነሱ እንዲሆን ወስነናል።

ወደ ጣሪያው ልምጣ። ዕድራችን ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ግቢ መጠለያ እንድንሠራ ፈቅዶልናል። 4 በ5 ሜትር ነው፤ 20 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ግድግዳ አንፈልግም፤ ምሰሶና ጣሪያ ይበቃናል። ሒሳቡን የሠሩት ልጆቹ ናቸው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በእኛ ጣሪያ 20 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 10 ጀሪካን። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ወር ብቻ ብዙውን ጊዜ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስለዚህ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ብናገኝ፣ ጥቂት ቢባክን እንኳ በአንድ ወር ሞልቶ ይተርፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለችግኙም፣ ለእጅ መታጠቢያም ይሆናል። ዝናቡን የሚለኩት አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ነው፤ በጋውን ሠርተው አዘጋጅተውታል።

የጎደለን እንዲህ ነው። ለጣሪያው 16 ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ሚስማርና አሸንዳ። አንድ ሮቶ፤ ያገለገለ ቢሆንም ካላፈሰሰ ይበቃናል። ከ28 እስከ 38 ቁጥር ቦት ጫማ። ልጅ ያደገበት ቤት ሁሉ አንድ የተጣለ ቦት አይጠፋውም፤ እባካችሁ ፈልጉልን። ጭቃው ልጆቻችንን ቤት የሚያስቀረው ቦት ስለሌላቸው ነው። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ አጉሊ መነጽር፣ ያገለገለ ቴርሞሜትር፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን።

በዕቃ የምንጠይቀው ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው። ጥሬ ገንዘብ የምንቀበለው ለአዛውንቶቹ ድካምና ለመኪና ኪራይ ብቻ ነው። ልጆቹን ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል፣ በበጋ ደግሞ መናገሻ ሱባ ደን ልንወስዳቸው እናስባለን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተከሉበት የሚባለውን ደን በእግራቸው ቢያዩት ደስ ይለናል። ለዚያ አንድ ኮስተር በኮንትራት መያዝ አለበት።

ስለ ደህንነት የሚጨነቅ ወላጅ ልክ ነው። ለ6 ልጆች አንድ ትልቅ ሰው ሳይኖር አንወጣም። ከከተማው የሚወርዱ ወንዞች ቆሻሻ ስለሚሸከሙ ውሃውን ማንም አይነካም። ዝናብ በዘነበ ቀን ገደል ወዳለበትና ወንዝ ዳር ድርሽ አንልም። ሳማና መርዛማ ፍሬ መለየት የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው።

የሚመጣውን ሁሉ የሚረከበው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ይሰጣል። ገቢውና ወጪው በየወሩ መጨረሻ የዕድሩ አዳራሽ በር ላይ ይለጠፋል። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው አይጻፍም። ልጁን የሚልክም የማይልክም እኩል ነው፤ የሰጠ ሰው ልጅ አይቀደምም፣ ያልሰጠም አይመለስም።

ዕቃም ገንዘብም የሌላችሁ ጊዜያችሁን ስጡን። አናጢ ከሆናችሁ፣ ነርስ ከሆናችሁ፣ ወፍ የምታውቁ፣ ከብት ያረባችሁ፣ ሸክላ የሠራችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን በተለይ ኑልን።

ጣሪያውን የምናቆመው በግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ በደቦ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከዕድሩ አዳራሽ ጀርባ እንገናኝ። ቡናውና ንፍሮው ከእኛ ነው። መዶሻና መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ።