ያ ቡና አልደረሰኝም ነበር

ሜልበርን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሚጣ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ እየዘለልሽ አይሆንም። ጋሼም ካለ ቁጭ ብሎ ይስማ።

ብሩን ትናንት ልኬአለሁ። እስከ ረቡዕ ባንክ ይገባል። መጀመሪያ የመድኃኒትሽና የምርመራሽ ይነሳ፣ የቀረው ለሚጣ ሠርግ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ሳልልክ መቅረቴን አውቃለሁ። ሥራ ቀይሬ ስለነበር በመሀል ትንሽ ክፍተት ተፈጠረ። አሁን ተስተካክሏል። የሌሊት ሥራ ነው ግን ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው። ስለዚህ እሱን አታንሱት።

ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጋሼ በቴሌግራም የላከልኝ መልእክት ነው። «እናትህ ታማ አንተ ከቡና ቤት ቡና ቤት እየዞርክ ፎቶ ትለጥፋለህ» አለኝ። አራት ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ተናድጄ ነበር። ፎቶው ላይ አንድ ስኒ ይታያል እንጂ ከስኒው በፊት የነበረው ሌሊት አይታይም። ጥፋት የለብኝም ማለቴ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን ማጥፋት አልነበረብኝም። የምልከው ሳይኖረኝ ስልክ መደወል አፈርኩ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ከዚያ ሚጣ አንቺም ፎቶውን እንዳየሽ ነገረችኝ። «ይጠጣ ልጄ፣ ምን አለበት፣ ደስ ይበለው» አልሽ አሉ። ጋሼ ከተናገረው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ያንቺ ቃል ነው።

ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ካቻምና በሰው እጅ የላክሽልኝ ቡና ትዝ ይልሻል? ሁለት ኪሎ፣ በነጭ አቡጀዲ የሰፋሽው። ደውለሽ «ደረሰህ?» ስትዪኝ «ደርሶኛል፣ ቤቱን ሁሉ አወደው» አልኩሽ። አልደረሰኝም እማዬ። ጥሬ ነበር። ይሄ አገር ጥሬ ፍሬና ዘር በዋዛ አያስገባም፤ ተባይና የዕፅዋት በሽታ ይዞ እንዳይመጣ ይፈራሉ። ያመጣልኝ ልጅ ቡና መያዙን በሐቀኝነት ተናገረ፣ እነሱም አየር ማረፊያው ላይ አስቀሩት። በማንም አልፈርድም። ተቆልቶ ቢሆን ያልፍ ነበር። ይሄን አስቀድሜ ጠይቄ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ አልጠየቅሁም። አንቺ ቀኑን ሙሉ በሰፌድ ስትለቅሚው እንደዋልሽ ሚጣ ነግራኝ ስለነበር «ቀረ» ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ከቤት ወጣሁና አንቺ የላክሽውን የሚመስል ቡና ፍለጋ ሄድኩ። ፎቶዎቹ ሁሉ የመጡት ከዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ አንድ ስኒ። ከዚህ አላልፍም።

ሜልበርን ቡና የሚያውቅ ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች በብዛት ሲሰደዱ የኤስፕሬሶ ልማዳቸውን ይዘውት መጡ፣ አሁን በየቀጭኑ መንገድ ቡና ቤት አለ። እኔ የምፈልጋቸው ግን ጥቂቶቹን ነው። ቡናው ከየት አገር እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው መፈልፈያ እንደወጣ የሚናገሩትን። «ስፔሻልቲ» ይሉታል። ቀማሾች ከመቶ ነጥብ ይሰጡታል፤ 80ና ከዚያ በላይ ያላገኘ በዚህ ስም አይጠራም።

መሀል ከተማ ፓትሪሽያ የሚባል አለ። ወንበር የለውም፣ ሁሉም ቆሞ ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ቀን ስገባ ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ «ቡና ቆሞ ይጠጣል? ማን እያባረረህ ነው?» ስትዪኝ። ግን ቡናቸው ጥሩ ነው፣ አልዋሽሽም። ካርልተን ሰፈር ያለው ሰቨን ሲድስ ሰፊ ስለሆነ ጥግ ይዤ እቆያለሁ። ከሁሉም የምወደው ማርኬት ሌን ነው። አንዱ ቤታቸው ፕራህራን ገበያ ውስጥ ነው ያለው። ከአትክልት ተራው ጎን ቆሜ ስጠጣ፣ በሻጮቹ ጩኸት መሀል፣ ትንሽ የገበያ ቀን ይመስለኛል።

አሁን ገብቶኛል። ከረጢቱ ላይ የተቆላበት ቀን ካልተጻፈ አልገዛም። ወተት ያለበት አላዝም፣ ወተት ጥሩውንም መጥፎውንም ይሸፍናል። በወረቀት የተጣራውን ነው የምጠጣው። ቡና ቀጂው 15 ግራም በሚዛን ይለካል፣ ሳንቲም እንደሚቆጥር ሰው እየተጠነቀቀ። ይፈጨዋል። ወረቀት ያለበት ማጥለያ ላይ ያደርግና ትንሽ ፍል ውኃ ጠብ ያደርግበታል። ያኔ ቡናው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ግማሽ ደቂቃ ይጠብቅለታል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እያዞረ፣ 250 ግራም እስኪደርስ ያፈስበታል። ሦስት ደቂቃ ነው ቢበዛ። የሚወጣው ሻይ ይመስላል። አቆላሉም ለጋ ነው፣ ቀለሙ እንደ ቀረፋ። አንቺ ብታዪው «አልበሰለም» ብለሽ ወደ ምጣዱ ትመልሺው ነበር። እኔም መጀመሪያ ይሄ ቡና አይደለም ብዬ ነበር። ሲበርድ ግን ሌላ ሆነ። ሎሚ አለው፣ ማር አለው። እነሱ «የጃዝሚን ሽታ» ብለው ይጽፉበታል። እኔ አውቀዋለሁ ምን እንደሆነ። የበልግ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጓሯችን ያለው ቡና ሲያብብ፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ የሚመጣው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያከራክረኛል። እዚህ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች ዋናው ጌሻ ነው። ብዙ ሰው የፓናማ ይመስለዋል፣ በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያ ውድድር አሸንፎ ስለታወቀ። ዘሩ ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጌሻ ጫካ አካባቢ የወጣ ነው። ይሄን ሳልናገር ከአንድም ቡና ቤት ወጥቼ አላውቅም። ደክሞኝም ቢሆን እናገራለሁ።

አሁን ስለ ሦስተኛው ፎቶ ልንገርሽ። ጋሼ በተለይ የተናደደበት፣ ከረጢት ይዤ የተነሳሁት።

ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ነበር የሄድኩት። የማላውቀው ትንሽ ቤት ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ከረጢት አነሳሁ። «ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ፣ ኮንጋ» ይላል። ኮንጋ! ቀጥሎ ከፍታው። ቀጥሎ ዝርያው፦ ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ። የጓሯችን ዛፎች ስም በፈረንጅ ፊደል። አራተኛው መስመር ላይ «የታጠበ፣ በእጅ የተለቀመ» ይላል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ መፈልፈያው ድረስ የምመጣው ትዝ አለኝ። ቡናው የሚደርቅበት አልጋ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኝ ሴቶቹ ተደርድረው። አንቺ ከጫፍ። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ትል የበላውን እያወጣሽ ጉያሽ ላይ ትጥያለሽ። ጣትሽ ሳትመለከቺ ያውቀዋል። ደመና ሲመጣ ሁላችሁም ፕላስቲክ ለማልበስ ትሮጣላችሁ፣ እኔ አልጋው ሥር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ደብተሬ ከዚያ ነበር የሚገዛው። ዩኒፎርሜም። እዚህ የደረስኩትም በዚያ ነው።

ቡና ቀጂው «ደህና ነህ?» አለኝ። ጣቴን አራተኛው መስመር ላይ አድርጌ «እናቴ እዚህ ቦታ ይሄን ሥራ ሠርታለች» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ከዚያው ቡና አፍልቶ ሰጠኝ፣ ሒሳብ አልተቀበለኝም። ፎቶውንም ያነሳኝ እሱ ነው። ጋሼ፣ ያየኸው ይሄን ነው።

ደግሞ ያልከውን አልረሳሁም፣ «ገበሬው ስንት ያገኛል?» ያልከውን። ልክ ነህ። ባቡር ላይ ሆኜ አስባለሁ። ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ከ60 ስኒ በላይ ይወጣል፣ አንዱ ስኒ አምስት ስድስት ዶላር ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ደግሞ ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይለቀማል። በመሀል ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ መርከብ አለ፣ ግን ልዩነቱ አሁንም ያመኛል። ቢሆንም ድሮ ስሙ እንኳ አልነበረም። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ ሲገባ በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ነበር የሚሸጠው፣ የመፈልፈያው ስም እዚያው ይቀራል። ከ2010 ገደማ ወዲህ ሕጉ ስለተቀየረ ነው ዛሬ ኮንጋን ሜልበርን ላይ ማንበብ የቻልኩት። ትንሽ ነገር ነው። ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ቡና የምጠጣው ብቻዬን ነው፣ እማዬ። እዚህ ማንም ከአጥር ወዲያ «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» አይልም። ፉትስክሬይ ሰፈር የእኛ ሰዎች ቤቶች አሉ፣ ጀበናም ጭሱም አለ። በበዓል እሄዳለሁ። አዘውትሬ የማልሄደው ሲቆላ አልችለውም፣ ለዚያ ነው።

አሁን ወዳንቺ። ሐኪሙ ግፊትሽ ከፍ ብሏል ካለ ቀልድ አይደለም። መድኃኒቱን ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ ደህና የሆንሽው በእሱ ነው። ቡና ቀንሺ ብሎሻል። ከአቦል እስከ በረካ የምትጠጪ ሴት መሆንሽን እኔ ነኝ የማውቀው። አቦልን ጠጪ፣ ቶናና በረካን ለጎረቤት ተዪላቸው። ጨዋታው አይቀርብሽም። ቡናው ላይ ጨው ማድረግ ግን ሙሉ በሙሉ ይቅር። ለግፊት ጠላቱ ጨው ነው። ሚጣ፣ የጨው ዕቃውን ከረከቦቱ አጠገብ አንሺው። እናቴ ትቆጣሻለች፣ ትቆጣ።

ሚጣዬ፣ ይሄን ለራስሽ ብቻ አታንብቢው፣ ድምፅሽን አውጪ። ለሠርግሽ መምጣት አልቻልኩም። ወረቀቴ ገና በሂደት ላይ ነው፣ አሁን ከወጣሁ መመለሱ ያስቸግረኛል። ሌላ ምክንያት የለም። ስሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ከሰሉን ስታራግቢ ፊትሽ ሁሉ አመድ ይሆናል። አንድ ቀን እንግዳ ቁጭ ብሎ ቡናውን አሳረርሽው፣ አልቅሰሽ ጓሮ ተደበቅሽ። ያወጣሁሽ እኔ ነኝ። አሁን ቀሚስሽን በቪዲዮ አየሁት፣ ያማረ ነው፣ ወገቡ ላይ ግን ትንሽ ይጥበብ፤ ሰፊው ጊዜ አለው። ባልሽን አላውቀውም። ድምፁን ሰምቼ ወድጄዋለሁ። ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔና እሱ ብቻችንን እናውራ። የመልሱ ቀን ቡናውን ማን ነው የሚቆላው? አንቺ እንዳትሆኚ፣ ሙሽራ ጭስ ላይ አትቀመጥም። አክስቴን ለምኑልኝ።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ወንድማችን ወደዚያ ይመጣል። ያንን የኮንጋ ከረጢት ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ተቆልቷል፣ እሱን ማንም አያስቀርም። እማዬ፣ ለግፊትሽ ስል ብዙ አትጠጪው፣ ክፈቺና አሽትቺው ብቻ። የቀረውን ለእንግዳ አፍሉት። ከረጢቱ ግን እንዳይጣል። ሚጣ የተጻፈውን በአማርኛ እየመለሰች ታንብብልሽ። ያንቺ ሥራ ያለው አራተኛው መስመር ላይ ነው።

ልጅሽ