ኮስቲክ ሶዳና የደጋው ብርድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ከሞራ ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች ይህን እንዲያነቡልን እንፈልጋለን። ሞራን ወደ ሳሙና ስለሚለውጠውና ቆዳ ስለሚያቃጥለው ኬሚካል፣ ስለ ኮስቲክ ሶዳ፣ የሚሰጠው ማሳሰቢያ ቆላና ደጋ አይለይም። እዚህ ግን ብርዱ ራሱ ሰውን ያሳስታል።

ጠዋት ውሃው እጅ ስለሚያደነዝዝ ሶዳውን በትኩስ ውሃ ለማሟሟት ያምራል። ፈጽሞ አይደረግ። ለአንድ ኪሎ የከብት ሞራ 133 ግራም ገደማ ሶዳ በ330 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ መለኪያው ጣሳ ሳይሆን ሚዛን ይሁን። ይህ መጠን ከቀዝቃዛ ውሃ ቢጀመር እንኳ በራሱ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በትኩስ ውሃ የተጀመረ ሶዳ ድንገት ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃው ይቅደም፣ ሶዳው በላዩ ጥቂት በጥቂት ይነስነስ። በሶዳ ክምር ላይ ውሃ ማፍሰስ ያው መገንፈል ነው። እንፋሎቱ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ብርድ ገባ ተብሎ በር አይዘጋ።

ልብስም እንዲሁ። ሱፍን ሶዳ ይበላዋል፤ የመንዝ በርኖስ ውርጭ ይመክታል እንጂ ሶዳ አይመክትም። ጋቢ ደግሞ ፈሳሹን መጦ ቆዳ ላይ ያቆየዋል። የሚያስፈልገው የላስቲክ ሽርጥ፣ እስከ ክርን የሚደርስ የጎማ ጓንትና ዐይንን ዙሪያውን የሚከድን መነጽር ነው። የሱሪው እግር ከቦቲው በላይ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ ከተከተተ የፈሰሰው ሁሉ ቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል።

ከሁሉ የሚያሳስበን እጥበቱ ነው። ሶዳ የቆዳን ስብ ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የነካው ቦታ የሚያሟልጨው ለዚህ ነው። ቀጭን ውህድ ከሆነ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ በብርድ የደነዘዘ እጅ ደግሞ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ሕመም አይጠበቅ። ደረቁ ሶዳ ይራገፍ፣ የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። ዐይን ከነካ ሽፋሽፍቱ ተገልጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት። ውሃው በረዶ ሆነብኝ ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚያቆም ሰው ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። በደቂቃ ሁለት ሊትር ቢፈስ 60 ሊትር ማለት ነው፤ ቧንቧ ስለማይታመን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ሞልቶ አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ነው። ጀሪካኖቹ ሌሊቱን ቤት ውስጥ ቢያድሩ ውሃው ብዙ አይቀዘቅዝም፣ ታጣቢውም ይታገሣል። ሎሚና ኮምጣጤ አያስፈልጉም፤ ሙቀት ይጨምራሉ፣ ጊዜም ያባክናሉ።

የአልሙኒየም ድስት አይነካካ፤ ሶዳው ድስቱን እየበላ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል።

ነጋዴዎችንም እንለምናለን። የተሟሟ ሶዳ በሃይላንድ አትሽጡ፤ ከውሃ አይለይም፣ ሕፃን አንስቶ ይጠጣዋል። የጠጣን ሰው ማስመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ማቃጠል ነው፤ አፉን አጉመጥምጦ ወደ ሆስፒታል ማሮጥ ብቻ ነው ያለው። ደረቁንም በፌስታል አትመዝኑ። ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ «ኮስቲክ ሶዳ፣ መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከደብረ ብርሃን፣ የኬሚካል ባለሙያዎች