ስለ ምጽዋ ወደብ ሠራተኞችም ጻፉልን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ምጽዋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አነበብሁት። ስለ ባሕር ኃይሉና ስለ መርከቦቹ ብዙ ይላል፤ ስለ ወደቡ ሠራተኞች ግን አንድም ቃል አጣሁበት፤ ይህም አሳዘነኝ።

አባቴ በ1950ዎቹ እዚያ ጨው ይጭን ነበር። ማታ ሲገባ በላብ የራሰው ጨው ትከሻው ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ይደርቃል፤ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያለች ታስለቅቅለታለች። ሸሚዙን ስትጨምቀው የሚወርደው ውሃ ያቃጥል ነበር፤ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ።

በሐምሌ ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ስለ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን መንገድ ላይ አውጥቶ፣ ከባሕር ድንጋይ በታነጹት ቤቶች ሥር ያድር ነበር። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹን የ1982ቱ ጦርነት አፈራርሷቸዋል።

የጫኞቹ ፎቶግራፍ በእጃችሁ ካለ፣ እባካችሁ አትሙልን። እኔ ዘንድ የአባቴ አንድም የለም።

የቀድሞ የምጽዋ ነዋሪ፣
ከአዲስ አበባ